ሐርጌሳ ላይ ያልጠጣሁት ጠጅ

ለሰፈሬ ሰው ሐርጌሳ የሄድኩት ለሥራ ነው ብዬ አውርቻለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሴራሚክ አንጣፊ ነኝ። የድሮ ረዳቴ ጌታሁን እዚያ ከርሞ ራሱን ችሎ ሥራ ይይዛል፤ «ጋሼ፣ የአንድ ቤት ወለል የአንተን እጅ ይፈልጋል፣ ዐሥር ቀን ብትመጣልኝ» ብሎ ደወለ። ከዚያ ግን «እዚህ አገር መጠጥ ለመድኃኒትም አይገኝ» ባይል ኖሮ ከአዳማ ንቅንቅ አልልም ነበር። ሌላው ግማሽ ይኸው ነው።

ዘመኑ ሰሜኑ አገራችን በጦርነት የሚታመስበት ነበር። ልጄ ሚኪያስ ዘምቷል። ወራት ሙሉ ድምፁ ጠፍቶ ቆይቶ አንድ እሑድ ምሽት ከማላውቀው ቁጥር ደወለ። እኔ ከጠጅ ቤት እየወጣሁ ነበር። «አባዬ፣ ስማኝ» ማለቱን አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ተጠርጎ ጠፍቷል። ጠዋት ስልኬን ሳየው ዐሥራ አንድ ደቂቃ አውርተናል። ሚኪያስ እንደ ደወለ ነግሬያት ባለቤቴ አልማዝ ቁጥሩን አይታ «ምን አለ?» ስትለኝ «ደህና ነኝ፣ ለእማዬ ሰላም በልልኝ አለ» አልኳት። አንድ ቃሉን እንኳ አላስታውስም ነበር። ወደዚያ ቁጥር ብንደውል ብንደውል ዝግ ነው።

አልማዝ ያቺን ውሸቴን ይዛ መኖር ጀመረች። ለጎረቤት ትነግራታለች፣ ስትጸልይ ትደግማታለች። እኔ ደግሞ ሁለት ሐሳብ ያዋክበኝ ጀመር። አንደኛው፣ ነገ ደግሞ ቢደውል በሕሊናዬ ሆኜ ላነጋግረው ይገባል የሚል ነው። ሁለተኛውን ለመናገር እንኳ አፍራለሁ። ጠጅ ቤት ውስጥ «ሰክሮ የደበቀውን ሰክሮ ያገኘዋል» ይላሉ። እንግዲያው ልጄ ያለኝን ሰክሬ ሰምቼው ከሆነ ሰክሬ አስታውሰው ይሆናል። ሌላው ለመርሳት ሲጠጣ እኔ ለማስታወስ እጠጣ ጀመር፤ ጠዋት ጠዋት ግን የትናንቱም ጭምር ይጠፋኛል። አልማዝ በመጨረሻ «ተው አልልህም፣ ቀንስ» አለችኝ። እሑድ እሑድ ሁለት ብርሌ ብቻ ብዬ ቃል ገባሁ። አንደኛው ብርሌ ሁለተኛውን ያስታውሳል፤ ሁለተኛው ግን ቁጥር ያስረሳል።

ቅዳሜ፣ መነሻ

ከአዳማ በሌሊት ተነስተን አዋሽን፣ ጭሮን፣ ሐረርን አልፈን ጅግጅጋ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ድሬዳዋ ያለች ልጃቸውን ሊያርሱ የሚሄዱ ናቸው፤ ለአራሷ የያዙትን ድፎ ዳቦ መንገድ ላይ ሲቆርሱልኝ ሲቆርሱልኝ ድሬዳዋ መገንጠያ ስንደርስ የተረፈው ግማሹ ነበር። «ምን ብዬ ልገባ ነው?» ብለው እኔኑ ተቆጡኝ።

ጅግጅጋ አልጋ ያዝኩ። አልጋው ደህና ነው፣ ውሃ የለውም፤ ምድር ቤቱ ግን ቢራ ይሸጣል። እዚህ ላይ ራሴን ታዘብኩት። ቃሌ የሚጀምረው ድንበሩን ስሻገር ነው ብዬ ከራሴ ጋር ተስማማሁ። መቼ እንደ ተስማማን አላውቅም፤ ከራት በፊት ግን ነገሩ ያለቀ የደቀቀ ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት። «መሰናበቻ ናት» ብዬ አንድ አዘዝኩ። ሁለተኛዋን «እሑድ አልጠጣ፣ የእሑዷን ዛሬ ልውሰድ» አልኩ። ለሦስተኛዋ ምክንያት መፈለግም አላስፈለገኝም። መጠጥ የሚሸሽ ሰው መጠጥ ቤት ያለበት ፎቅ ላይ አልጋ ሲይዝ ምን ይባላል? እኔንጃ።

እሑድ፣ ቶጎ ውጫሌ

ድንበሩን በእግር ተሻገርን። ሻንጣዬን የፈተሸው ወጣት የሴራሚክ መቁረጫዬን አገላብጦ አይቶ በምልክት ምን እንደ ሆነ ጠየቀኝ፤ እኔም መሬቱን እየደባበስኩ አስረዳሁት። ሳቀና አሳለፈኝ። በውስጤ ግን የበዓል ዋዜማ ዓይነት ደስታ ነበር። የመጠጤን ዳኝነት ለአገሩ አስረክቤ መገላገሌ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ በታክሲ ሄድን። መኪናው መሪው በቀኝ ነው፤ የሚነዳውም በመንገዱ ቀኝ ነው። ጋቢና የተቀመጠ ሰው እንግዲህ መሐል አስፋልት ላይ ነው ያለው፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ሾፌሩ ለመቅደም ሲወጣ ከፊት የሚመጣውን ጭነት መኪና መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ። ፍሬን በሌለበት እግሬን ስረግጥ ስረግጥ ገቢሌ የምትባል ከተማ ደረስን። ሾፌሩ አይቶኝ ኖሮ ሻይ ስንጠጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ የእኔንም ሻይ ከፈለ።

ጌታሁን ሐርጌሳ መናኸሪያ ጠበቀኝ። ጎልምሷል፣ ሱማልኛውም እንደ ውሃ ይፈስለታል። ምሳ ሩዝ በፍየል ሥጋ አበላኝ። ከሩዙ ጎን አንድ ሙዝ አለ። እኛ አገር ሙዝ ከምግብ በኋላ ነውና ለኋላ ብዬ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። አስተናጋጁ አይቶ ረስተውብኝ ነው ብሎ ሌላ አመጣልኝ። እሱንም ከተትኩት። ሦስተኛውን ሲያመጣ ጌታሁን በሳቅ ፈረሰ፤ ሙዙ ለካ ከሩዙ ጋር እየተቆረሰ የሚበላ ነው።

ቤታቸው መሐመድ ሞጌ የሚባለው ሰፈር ነው። ባጃጁ ከአስፋልቱ ወጥቶ አቧራ ላይ ሲዘል አዳማ የደረስኩ መሰለኝ። ባለቤቱ ሮማን፣ ጋአን ሊባህ የሚባል ሰፈር፣ ሰው ቤት ትሠራለች፤ እጆቿን ጨብጬ ሳልጨርስ «ጋሼ፣ የሚኪ እናት እንዴት ናት? የእሱስ ወሬ ተሰማ?» አለችኝ። «ደህና ነው፣ ደውሎ ነበር» አልኩ። ውሸቱ እኔን ተከትሎ ድንበር ተሻግሯል።

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ

የቤቱ ባለቤት አዴር ጃማ ይባላሉ፤ አዴር ማለት እንደ እኛ «ጋሼ» ነው። በእነሱ አገር ጦርነት ጊዜ ከተማው በአውሮፕላን ሲደበደብ በእግራቸው ወደ እኛ አገር ተሰደው ጅግጅጋ ኖረዋል። አማርኛቸው ከዚያ የተረፈ ነው። ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጋሉ እንጂ ደህና ያወራሉ።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ጆግ የግመል ወተት ይዘው መጡ።

«ጠጪ!» አሉኝ።

«አመሰግናለሁ አዴር፣ አልጠጣም።»

«በሞቴ!» አሉ።

ደነገጥኩ። ይህችን ቃል ሸሽቼ ነው አራት ከተማ ያቋረጥኩት። አዳማ «አልጠጣም» ስል ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራትም። ቋንቋችን ራሱ አያግዝም፤ «አልጠጣም» ለዛሬ ይሁን ለዘለዓለም አይለይም። ሰሚው ለዛሬ ነው ብሎ ይይዘውና «በሞቴ» ይላል፣ «አንድማ ያጣላል» ይላል። ሰው በሞቱ ከለመነህ ምን ትላለህ? ሐርጌሳ ላይ ደግሞ ሽማግሌው ከጅግጅጋ ይዘዋት የመጡት ቃል እሷ ሆነች። ጠጣሁ። አንድማ ያጣላል ብለው ደገሙኝ። ማክሰኞን ከሥራ ይልቅ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አሳለፍኩ፤ ሳይነግሩኝ ለካ ያልለመደ ሰው በጥቂቱ ነው የሚጀምረው። እሳቸው በጣም አዝነው ሎሚና ሻይ እየላኩ ሲጠይቁኝ ዋሉ።

ከዚያ ሁሉ ግን የገረመኝ የዐሥራ አንድ ሰዓቱ ነገር ነው። መጠጥ የሌለበት አገር ውስጥ ነኝ፣ የሚጋብዝ የለ፣ የሚሸተኝ የለ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲሚንቶውን ከእጄ ላይ ሳጥብ ግን ምራቄ ይሞላል። ረቡዕ ሆን ብዬ ሳልታጠብ ቆየሁ፤ ጥማቱም አብሮኝ ዘገየ። እጄን ስታጠብ መጣ። ታዲያ ስፈራው የኖርኩት ጠጁን ነው ወይስ ሳሙናውን? ግራ ገባኝ። ጌታሁንን ብጠይቀው «ጋሼ፣ አንተ ድሮም ታስባለህ» ብሎ ተወኝ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ እምቢ የምለው ሰው ማጣቴ ነው። ቤቴ እያለሁ አንድ ቀን ሳልጠጣ ከዋልኩ ጀግና ነኝ። እዚህ አራት ቀን ሳልጠጣ ውዬ ምንም አይደለሁም።

ሐሙስ፣ ጽዋው

ሐሙስ የማርያም ዕለት ነበር። እዚያ ያሉት አበሾች በየወሩ ተራ በተራ የጽዋ ማኅበር አላቸው፤ የዚያ ወር ተረኞች ጌታሁንና ሮማን ናቸው። ከሥራ ስንገባ በርበራ መስመር ላይ የሚነዱ ሁለት ሾፌሮችና ሦስት ሴቶች ተሰብስበው ጠበቁን። መስኮቱ ተዘግቶ፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን አቡነ ዘበሰማያት ደገምን። ከዚያ ሮማን ነጠላ የተሸፈነ ትልቅ ጆግ አመጣችና በሻይ ብርጭቆ ትቀዳ ጀመር። ወርቅ የመሰለ ቢጫ ነው።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«የማር ነው ጋሼ። ስኳር የሚባል የለበትም» አለ ጌታሁን።

አዳማ ያለች ጠጅ ሻጭ ሁሉ የምትምለው ይህንኑ ነው። እዚህ አገር በዚህ ቢያዙ ምን እንደሚደርስባቸው አሰብኩ፤ ለአልማዝ የገባሁትን ቃል አሰብኩ። ከዚያ ያቺ ሌላዋ ሐሳብ መጣች፤ ሚኪያስ ያለኝን የማገኘው ዛሬ ቢሆንስ? በዚያ ላይ ጽዋ ነው፤ የማርያም ጽዋ አይመለስም። እንደዚያ ያለ ጠበቃ ከተገኘ ማን ይከራከራል? በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

አንደኛው ደረቴን አሞቀው። በሁለተኛው ጆሮዬ ጋለ፣ ጉልበቴ ላላ። በሦስተኛው ምላሴ ተፈታ፤ ከሾፌሮቹ አንዱን አቅፌ ስለ ሙዙና ስለ ግመል ወተቱ አወራሁ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። የደረሰብኝን ሁሉ እንደማውቀው ነው የምነግራችሁ፤ የስካርን ደረጃ የእኔን ያህል የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሰክሬ ነበር።

ንፋስ ልቀበል ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እንዳልወድቅ የብሎኬቱን አጥር በመዳፌ ደገፍኩት። ድምፁ የመጣው ያኔ ነው።

«ግድግዳውን በቀኝ እጅህ ያዝ፣ አባዬ። እንዳትለቀው።»

ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ነገሩ ሁሉ ተከታትሎ መጣ። «ዝናብ ነው እንዴ? ቦዩ ሞልቶ ይሆናል፣ በጥግ በጥግ ሂድ። አሁን የት ደረስክ? ወፍጮ ቤቱ ጋ? ጎሽ። ወደ ግራ ታጠፍ። አይ፣ ግራ አባዬ፣ ሰዓት ያሰርክበት እጅ።» እኔ ደግሞ «አልሰከርኩም» እለዋለሁ፣ እሱ «አውቃለሁ» ይለኛል። ልጄ የሰው ስልክ ለምኖ፣ የት እንዳለ በማላውቀው ቦታ ቆሞ፣ ያገኛትን ዐሥራ አንድ ደቂቃ አባቱን ቤት ለማድረስ ነው የጨረሳት። ጠፋብኝ ብዬ የምፈልገው መልእክት ጭራሽ አልነበረም። «አንተስ ደህና ነህ?» ብዬ መጠየቄን አላስታውስም። አጥሩን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዓርብ

ከእንቅልፌ ስነሳ ራሴን አላመመኝም። ሮማን ላሆህ ጋገረች፤ ላሆህ እንደ እኛ እንጀራ ዓይኑ የበዛ፣ መጠኑ ያነሰ ነው፤ በሻይና በማር ይበላል። አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ ጠየቅኳት።

«የምን ይቅርታ?»

«ትናንት ሰክሬ አሳፈርኳችሁ።»

«በምኑ ነው የሰከርከው ጋሼ?»

«በጠጁ ነዋ።»

አፏን በነጠላዋ ያዘች። «የምን ጠጅ! ብርዝ እኮ ነው! ማሩን በውሃ ጠዋት ነው የበጠበጥኩት። ጌሾ እዚህ ከየት ይመጣል? እኛ ጽዋችንን በብርዝ ነው የምንጠጣው።»

ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ጆጉን አምጪ ብዬ የተረፈውን ቀመስኩት። የማር ውሃ ነው። ልጅ ይጠጣዋል። ታዲያ ጉልበቴን ማን አላላው? ጆሮዬን ማን አጋለው? ሠላሳ ዓመት ጠጁ ይሠራልኛል ያልኩትን ሥራ ስንቱን ራሴ ስሠራው ኖሬያለሁ? ደግሞ የማስበው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ሄደ። ስካሩ የእኔ ፈጠራ ከሆነ የልጄስ ድምፅ? እሱንም እኔው በጥብጬው ይሆን?

ሥራ የለምና ከሰዓት በኋላ አዴር ጃማ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ጠጁን ብቻ በሻይ ለወጥኩት።

«እናቴ ስደት ላይ መንገድ ሞተ» አሉ በዚያ አማርኛቸው። «እኔና ወንድሜ አጠገቡ ሆነን የመጨረሻ ቃሉን ሰማን። ወንድሜ ‹ውሃ አለ› ትላለች። እኔ ‹በሩን ዝጉ አለ› እላለሁ። በር የለም፣ በረሃ ነው። ሠላሳ ዓመት ተጣላን።»

«ማን ነበር ልክ?»

«ወላሂ አላውቅም። አሁን ለልጆቼ ሁለቱንም እናገራለሁ። አንቺም ለሚስትሽ ተናገሪ። ‹አላውቅም›ም ብለሽ ተናገሪ።»

በጌታሁን ስልክ ለአልማዝ ደወልኩላት። መጀመሪያ ብርዙን ነገርኳት፤ ሳቀች። ከዚያ «አልማዝ፣ ሚኪ ደህና ነኝ አላለም» አልኳት። «ሰላም በልልኝም አላለም። ሰክሬ ነበር፣ አላስታወስኩም ነበር፣ ዋሸሁሽ። ቤት እያደረሰኝ ነበር። ይህም ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም።» «ስትመጣ» አለችና ዘጋችው። መልሼ ብደውል አላነሳችም።

ቅዳሜና እሑድ፣ መመለሻ

ወለሉን ቅዳሜ ቀን ጨረስን። ውሃ ልኬን እየደጋገምኩ አስቀምጥ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ቀጥ ብሎ ያገኘሁት ያ ወለል ብቻ ነው። አዴር ጃማ በባዶ እግራቸው ተራመዱበትና ለአልማዝ ሽቶ፣ «ለልጅሽ ስትመጣ» ብለው ደግሞ ሽርጥ ሰጡኝ።

እሑድ ስመለስ ጅግጅጋ ያው አልጋ ቤት ነው የደረሰኝ። ምድር ቤቱ ተቀመጥኩ፤ አስተናጋጇ «ቢራ?» አለችኝ። ውሃ አልኩ። ጀግንነት አይደለም። ብጠጣ ምን ያህሉ ቢራው፣ ምን ያህሉ እኔ እንደምሆን እያሰብኩ ሰዓቱ አለፈ። የጠጪነቴን ምስጢር የማላውቀው እኔ ስሆን ምኑን ነው የምቀንሰው?

ሰኞ ማታ አዳማ ደረስኩ። አልማዝ ከፍታ አስገባችኝ፣ ራት አቀረበችልኝ። ሽቶውን ኮመዲኖ ላይ አስቀመጠችው፣ አልከፈተችውም። ማክሰኞ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆመች።

«ና» አለችኝ። «ከየት ነው የጀመረው?»

ጠጅ ቤቱ ድረስ ሄድን። ጠጅ ሻጯ ደጅ እየጠረገች ነበር፤ «ጋሽ ታደሰ! ጠፋህ! ግባ እንጂ በሞቴ!» አለች። «ዛሬ ሥራ አለብኝ» አልኳት። አልማዝ ወደ እሷ ዞር እንኳ አላለችም።

«እዚህ ጋ ምን አለ?»

«‹አባዬ፣ ስማኝ› አለ።»

«እሺ። ከዚያስ?»

«ከዚያ ግድግዳውን ያዝ አለኝ።»

ሄደን ግድግዳውን ራሷ በእጇ ነካችው። እንዲህ እያልን በየጥጉ እየቆምን ተጓዝን። የማስታውሰውን ነገርኳት። በማላስታውስበት ቦታ «አላውቅም» አልኳት፤ ያኔ ትንሽ ቆማ ጠብቃ ታልፋለች። ቦዩ ጋ «ተቆጥቶህ ነበር?» አለችኝ። አስቤ «አይ፣ ይስቅ ነበር» አልኳት። «ይስቅ ነበር» ብላ ለራሷ ደገመችው። ወፍጮ ቤቱን አልፈን ወደ ግራ ታጠፍን።

በራችን ላይ ደረስን። እዚህ ጋ ሐርጌሳ ሆኜ ምንም አልመጣልኝም ነበር። ቁልፉን አውጥቼ ቀዳዳው ውስጥ ሳስገባ ግን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሆዴ ውስጥ ከሻይ በቀር ምንም ሳይኖር፣ መጣልኝ። እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ።

«ምን አለ?» አለችኝ።

መዋሸት አማረኝ። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ አምሮኝ አያውቅም።

«‹እማዬን ላናግራት ነበር፣ ግን ተኝታ ይሆናል፤ እንዳትቀሰቅሳት፣ ቀስ ብለህ ግባ› አለ። ከዚያ ተቋረጠ።»

አልማዝ በሩን አየችው።

«ነቅቼ ነበር» አለች። «ደጅ ላይ ከጠጪ ጓደኞችህ ጋር የምታወራ መስሎኝ ፊቴን አዙሬ ተኛሁ።»